ለሁለት ሠርግ የተሸጠ ጋን

እማዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልጻፍሁልሽ የምነግርሽ አጥቼ አይደለም። እኔና አንቺ ብቻ የምናውቀው ነገር ነበረ፤ እሱን ሳልናገር ሌላ ሌላውን ማውራት ውሸት መሰለኝ። አሁን ከአፌ ወጥቷል። የአምበር ሰውም ሰምቶታል፣ የጉንደ ወይን ሰውም ሰምቶታል። እንግዲህ ላንቺም ልጻፍልሽ።

ጓዳሽን ብታዪው አታውቂውም። ግድግዳው በጥይት ተበሳስቷል። ከሰባቱ ጋኖችሽ የተረፉት ሁለት ናቸው። የአምስቱን ገል በጆንያ እየሞላሁ ያወጣሁት በአንድ እጄ ነው፤ ቀኝ ትከሻዬ ተሰብሮ ነበር። ወለሉ ጠጅ ስለጠጣ ሳምንት ሙሉ ንብ ሲርመሰመስበት ከረመ። ይህን ያደረገው ጠላት እንዳይመስልሽ። የበኩር ልጅሽ አንዳርጌ ነው። እንዲህ ያደረሰውን ግን ከሥሩ ልንገርሽ።

ያንቺን ጠጅ ሰው የሚገዛው ገና ጠጅ ሳይሆን ነበር። ማሩ በውሃ በተበጠበጠ ዕለት፣ ለጥር ሠርግ የደገሰ ሁሉ ይመጣል። ብርዙን በጣሳ ትቀጂለታለሽ፤ አጣጥሞ ጋኑን ይመርጣል። አፉን በጨርቅ ሸፍነሽ በጭቃ ስትመርጊው ገዢው አውራ ጣቱን እርጥቡ ጭቃ ላይ ይጫናል። ከዚያ ወዲያ ጋኑ የሱ ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንቺ ቤት ይፈላል፣ ባለቤቱ ግን አምበር ተቀምጦ ጠጄ ይላል። ሌላው ጠጅ ጣይ ቤት ይህ የለም፤ እጅሽን አምኖ ነው። ሳይቀምስ ልግዛ ያለሽንም፣ «ሂድ ወዲያ! አንተ ሚስትም ሳታይ ነው የምታገባ» ብለሽ ትመልሺው ነበር።

እኔ ደግሞ በማርኬቲንግ ተመርቄ፣ ሥራ ፍለጋ ስዞር ጫማዬ አልቆ፣ ቤት ገብቼ የተቀመጥሁ ሴት ልጅሽ። አንድ ቦታ ማረፍ አልችልም፤ በየቀኑ አዲስ ሐሳብ ይዤ ነው የምነሣ። ጉንደ ወይን ያለ ሰው ብርዝ ለመቅመስ ብሎ ለምን እዚህ ድረስ ይለፋል፣ በስልክ ፎቶ ልኬ ልሽጥለት አልሁሽ። «ፎቶ ይጠጣል እንዴ፣ የኔ ምሩቅ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሳቅሽ አናደደኝ። አሳያታለሁ አልሁ በሆዴ።

ደብረ ወርቅ ለቅሶ ደርሰሽ ሦስት ቀን በቆየሽበት ጊዜ በሩ አጠገብ ካለው ጋን ጌሾ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ጭቃውን በመጥረቢያ ጀርባ ፈርክሼ ከፈትሁት። ምን ምልክት እንደነበረበት ልብ አላልሁም። ጌሾውን አውጥቼ በአዲስ ጭቃ መረግሁት፤ እንደ መስታወት አለሰለስሁትና ኮራሁ። አንቺ ስትመለሺ ጭቃው ባዶ መሆኑ አላስጨነቀሽም፣ የማን እንደሆነ በልብሽ ይዘሽዋል። እኔ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጉንደ ወይን አንድ ሰው በስልክ ጠጅ ሲጠይቀኝ፣ ጓዳ ገብቼ፣ እኔው እንደመረግሁት ትዝም ሳይለኝ፣ ባዶ ጭቃ አየሁ። ያልተያዘ ጋን! ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፣ ሸጥሁት። ላስደንቅሽ ብዬም ደበቅሁሽ።

ያን የጥር ጠዋት የአምበሮቹ በአህያ፣ የጉንደ ወይኖቹ በአይሱዙ ደረሱ። ሁለቱም አንድ ጋን ላይ ቆሙ። የአምበሩ ሙሽራ ታላቅ ወንድም ሙሉቀን ጭቃውን እየዳበሰ፣ «የአባቴ አሻራ የት ሄደ?» ሲል አንቺ ዞረሽ እኔን አየሽኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ገባሽ። አፌን ልከፍት ስል ቀደምሽኝ፤ «ልጆቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አርጅቼ ነው፣ ረሳሁ» አልሻቸው። አንቺ የሰባት ዓመት ሠርግ ጋን በጋን የምትቆጥሪ!

ሙሉቀን ሳቀ። «ረሳሽ ወይስ ሸቀልሽ? ጠጅ ሻጭ ድሮስ ምን እምነት አላት!»

አንዳርጌ በቡጢ አፉን አለው። ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ተተፋ። ከዚያ ማን ማንን እንደመታ የሚያውቅ የለም፤ የጉንደ ወይኖቹ በድንጋይ፣ የአምበሮቹ በሽመል፣ አህያዋ ሳትቀር ጭነቷን ጥላ ትራገጣለች። አንዱ ሰው ጆሮው ተንጠልጥሎ ሲሮጥ አይቻለሁ። አንቺ ነጠላሽን ጥለሽ እጅሽን ዘርግተሽ መኻላቸው ገባሽ። ሙሉቀን ለአንዳርጌ የሰነዘረው ሽመል አንቺ ላይ አረፈ። ድምፁ ደረቅ ቅል ሲሰበር ይመስል ነበር። ባጃጁ ውስጥ ራስሽን ታፋዬ ላይ ይዤ፣ ደምሽ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ እየሞቀኝ፣ ሆስፒታሉ በር ሳንደርስ እጄ ላይ ከበድሽ።

ሙሉቀን ታሰረ። አንዳርጌን ግን ያ አልበቃውም። ጸጉሩን አልተላጨም፣ ሥጋ አልቀመሰም። ክላሽ ይዞ ገባ። ለቅሶ የመጡት ሴቶች እየሰማቸው «እናቱ ወድቃ እሱ እንጀራ ይወርድለታል» ሲሉት እንዴት ይተው? የሙሉቀንን ወንድም፣ ሙሽራውን ነው የምገድለው አለ፤ ለሱ ሠርግ ነው የሞተች አለ። ሙሽራው ያን ቀን ሠርጉ ቀርቶ እስካሁን አላገባም። የነፍስ አባትሽ ሽማግሌ ይዘው ሦስት ጊዜ ቢመጡ ሦስቴም በር ዘጋባቸው። እኔም ዝም አልሁ። እማዬ፣ ዓመት ሙሉ ዝም አልሁ። አንቺ የሸፈንሽልኝን መግለጥ አንቺን መካድ መሰለኝ። ፍርሃቴን ያንቺን ቃል እያለበስሁ ተኛሁበት።

የሙት ዓመትሽ ጠዋት፣ ለተዝካርሽ እኔ የጣልሁት ጠጅ በጋኖቹ ሞልቶ፣ ገና ሰው ሳይመጣ አንዳርጌ ክላሹን በጋቢ ጠቅልሎ ሊወጣ ተነሣ። «እማዬ ዛሬ ደሟ ይመለሳል» አለኝ። ሙሽራው አምበር ገበያ እንደሚውል አጣርቷል። የጓዳው በር ላይ ቆምሁና ነገርሁት። ጋኑን የከፈትሁት እኔ፣ አሻራውን ያጠፋሁት እኔ፣ ሁለተኛ የሸጥሁት እኔ። አላመነኝም፤ «የሙሽራውን ነፍስ ለማትረፍ ብለሽ ነው የምትዋሺ» አለ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየሁት። ያ የተለሰለሰ ጭቃ። ዓመት ሙሉ ሳላጠፋው ይዤው ነበር።

አፈሙዙን ደረቴ ላይ ደገነ። ብርዱ በቀሚሴ አልፎ ተሰማኝ። የወንድሜን ዓይን አየሁት፤ እኔን አያይም ነበር። ከዚያ ዞሮ አንድ ካዝና ሙሉ ጋኖቹ ላይ ለቀቀው። ጠጁ እስከ ቁርጭምጭሚታችን መጣ። ጥይቱ ሲያልቅበት በሰደፉ ትከሻዬን መታኝ፤ አጥንቱ ሲሰበር ከሕመሙ በፊት ድምፁን ሰማሁ። እሱ ግን ጠጁ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ጮኸ። ያን ቀን አምበር አልሄደም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለዕርቅ እሺ አለ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰብን። የሙሉቀን አባትና ያ ሙሽራ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ሽማግሌዎቹ «የሟች ወገን ይቀመጥ» አሉ። እኔ ግን ሄጄ ድንጋይ አነሣሁ። ቀኙ በፋሻ ታስሮ ስለነበር በግራ ትከሻዬ ተሸከምሁትና ሙሽራው አጠገብ ቆምሁ።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?» አሉኝ የነፍስ አባትሽ። «ድንጋይ የሚሸከም የገዳይ ወገን ነው።»

«እኔም ወገኑ ነኝ፣ አባ» አልሁና ለጉባኤው ሁሉ ተናገርሁ። አንዲት የአምበር ሴት መሬት ላይ ተፋች። የሙሉቀን አባት ግን ድንጋዩን እንደተሸከሙ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ መታ፤ አንቺ አልመታሽም። ግን ዓመት ሙሉ አሻራዬን ሳልጫን ቀርቼ ይሆን እያልሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ» አሉኝ። ከሁሉ ያ ገደለኝ።

አንዳርጌ ተነሣ። የሽማግሌውን ድንጋይ አወረደ፤ ሳማቸው። የሙሽራውን አወረደ፤ ሳመው። እኔ ጋ ሲደርስ አለፈኝ።

ሰዉ ተበትኖ እስኪያልቅ ቆምሁ። ከዚያ ድንጋዬን ይዤ ቤት ገባሁ፤ ደጃፋችን ላይ ነው ያለው። አንዳርጌ ይኸው ስንት ቀኑ፣ ሲወጣም ሲገባም ይሻገረዋል። አያናግረኝም። እኔ ግን ታውቂኛለሽ፣ ተስፋ አልቆርጥም፤ በጥቅምት ማር ገዝቼ በሁለቱ ጋኖች እጀምራለሁ፣ ገዢውም ራሱ መጥቶ ይቀምሳል።

ቃሌ ይህ ነው፣ እማዬ፦ እናትሽ በምን ሞተች ብሎ የሚጠይቀኝን ሁሉ፣ እስክሞት ድረስ፣ ከራሴ ስም ጀምሬ እነግረዋለሁ። ድንጋዩንም አላነሣውም። ወንድሜ ያነሣልኛል፤ ካላነሣውም እዚያው ይኖራል።

ልጅሽ