በማኅበሩ ያለፈኝ ጠላ

ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት

ዛሬ በሚካኤል ማኅበራችን ጠላ ሲቀዳ እኔን አልፈውኝ ውሃ አመጡልኝ። «ይሄ ይሻልዎታል ጋሼ» አለችኝ አሳላፊዋ፣ ቀና ብላም ሳታየኝ። ተቀበልኩ። ሁሉም እያዩኝ ጠጣሁት።

ነገ አዲስ አበባ፣ መጠጥ ወደሚያስተዉበት ሆስፒታል እንደምገባ የነገርኩት ለሟች ባለቤቴ ወንድም ለታደሰ ብቻ ነበር። ለጠየቀው ሁሉ «ኩላሊቱን ሊታከም ነው» ሊልልኝ በእሷ ስም ምሎልኝ ነበር።

ስንወጣ ታደሰን ለምን እንደነገራቸው ጠየቅሁት።

«እንዲጸልዩልህ ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

ጸሎቱንስ እኔም አልተውኩም። የፈራሁት የሆስፒታሉ በር ሲዘጋብኝ የምሆነውን ነው። እሱንም የነገርኩት ለታደሰ ነው፤ ይህንንም አውርቶት ይሆን?

ጠዋት አብሮኝ ሊሄድ መናኸሪያ ይጠብቀኛል። ፊቱን ማየት አልፈልግም። ብቻዬን ግን በዚያ በር የምገባ አይመስለኝም።