ቆርቆሮውን የሚመታው ወጠጤ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ፍየሉ ዛሬም አጥሩን ገንጥሎታል። ሚስማር፣ መዶሻ፣ የኔ የታመመ ትከሻ። ባለቤቴ ታደሰ ካቻምና ለፋሲካ ብሎ ከአዲሱ ገበያ ያመጣው ግልገል ነበር። በዓሉ ሲደርስ ጨክኖ ማረድ አቃተው። አሁን ጺማም፣ ቀንዳም፣ ጠረኑ ሰፈር የሚያስለቅቅ ወጠጤ ሆኗል። ታደሰ በመስከረም አረፈ፣ ፍየሉ ለኔ ቀረ። ጥሩ ውርስ።

ያው ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ታደሰ ማታ ሲገባ ቁልፍ እያለው በሩን አይከፍትም ነበር። የአጥሩን ቆርቆሮ በመዳፉ ደብደብ አድርጎ እኔን ይጠብቃል። ዛሬም በዚያው ሰዓት፣ ደብ ደብ። ፍየሉ መሆኑን አውቃለሁ። አውቃለሁ እያልኩ ነጠላዬን ለበስኩ። ጮክ ብዬ "መጣሁ" አልኩ። የገዛ ድምፄን ስሰማ ሰውነቴን ወረረኝ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ልጄ ማርታ መጣች። ፍየሉ ለአባዬ አርባ ይታረድ ትላለች። ካህናቱም ነዳያኑም ይበሉበታል፣ ጎረቤትም ከሽታው ይገላገላል። ልክ ናት። እሺ ማለት ነበረብኝ። ቀኑን እንደምንም እገፋዋለሁ፣ ሲመሽ ግን ጆሮዬ አጥሩ ላይ ነው። እሱ ከታረደ ማን ሊያንኳኳ? ይሄ ለልጅ እንዴት ይነገራል? ላስብበት አልኳት። ፊቷን አጥቁራ ሄደች።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ፈራሁ፣ የንስሐ አባቴን ጠራሁ። ቤቱንም ግቢውንም ጸበል ረጩ። ወጠጤው ከቆርቆሮው ላይ የሚንጠባጠበውን ላሰ። አባ ሳቃቸውን ዋጡ፣ እኔም። የሞተ ሰው በር አያንኳኳም፣ ጸልዪለት ብለውኝ ሄዱ።

ሲመሽ፣ ደብ ደብ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

የወጠጤው ግንባር ተተርትሯል። የቆርቆሮው ጠርዝ ነው። ደሙ ጺሙ ላይ ደርቋል።

ጎረቤታችንን ደረጀን ጠራሁት፣ እሱ ጓሮው ውስጥ ፍየል ያረባል። ከቸርች ሲመለስ በሱፉ ገባ። ቁስሉን አጠበ፣ አጥሩን ዞሮ አየ፣ ተቆጣኝ። እትዬ እያለ ነው የሚቆጣው። ቆርቆሮ ለወጠጤ አጥር አይሆንም። ውጭውን ካላየ ሲገጭ ይውላል። ወፍራም እንጨት አቁመን ጠንካራ ሽቦ እንወጥርለት። ደግሞስ ፍየል ብቻውን ይኖራል እንዴ? ሴት ብናስገባ ጭራሽ ያብዳል፣ ሙክት ነው የሚሻለው። አንድ የተቀጠቀጠ ረጋ ያለ አለኝ፣ ላምጣልዎት።

እስከ ዛሬ ብቻውን አይደል የኖረው አልኩት። የለም አለ፣ ጋሽ ታደሰ ነበሩ ጓደኛው። ማታ በሩን እንደገቡ መጀመሪያ እሱ ጋ አልነበር የሚቀመጡት? አሁንም በሰዓታቸው ይጠራቸዋል።

ቁጭ አልኩ። ታደሰ እኔን የሚጠራኝ መስሎኝ። ለካ ፍየሉ ነው እሱን የሚጠራው። ሁለታችንም የምንጠብቀው አንድ ሰው ነው።

ደረጀ እሺ ይበሉኝ አለ። ነገ ልንገርህ አልኩት። ደሙን እያየሁ። ያን ድምፅ አንድ ማታ እንኳ ለመስማት ብዬ። እንዲህ ክፉ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ትናንት ማታ ቁስሉን መልሶ ከፈተው። ዘንድሮ የማልሰማው ጉድ የለም፣ ደሙ ሲንጠባጠብ ሰማሁት መሰለኝ። በጠዋት ሄጄ የደረጀ በር ላይ ቆምኩ። እሺ አልኩት።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ

ቆርቆሮው ወረደ፣ እንጨቱ ቆመ፣ ሽቦው ተወጠረ። ሙክቱ ገባ። መጀመሪያ ተጋጩ፣ እኔ ልጮህ ደረስኩ። ደረጀ ይተዉአቸው፣ አለቃቸውን ሳይለዩ አይተኙም አለኝ። ለዩ። አሁን ጎን ለጎን ተኝተው ያመሰኳሉ።

ሰዓቱ ደረሰ። አለፈ። ምንም። ወደ ዊንጌት የሚጣራ የታክሲ ረዳት ብቻ። ታደሰ አልመጣም። አይመጣም። ቀብሩ ላይ እምቢ ያለኝ እንባ አሁን መጣ፣ የምጽፈውን አላይም።

ለማርታ ደወልኩ። ለአርባው በግ ግዢ፣ ፍየሉ አይታረድም አልኳት። ልትከራከር ጀመረች። ቆይ ልጨርስ አልኳት። ቤቱ ብቻዬን ከብዶኛል፣ ልብስሽን ይዘሽ ነይና አብረሽኝ ኑሪ አልኳት።