ኮምፒውተሩ ሲያነብልኝ

ውድ እታለም፣

አገር ቢለያየንም ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረሱሽ። ቤተሰቡ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ።

ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ዓይነ ስውራን በምንማርበት ክፍል ኮምፒውተሩ የነካሁትን ፊደል እየጠራ ይነግረኛል። መምህራችንም አያይም፤ ቀልደኛ ነው። «ኪቦርዱ እግር የለው፣ አይሸሽሽም፤ ቀስ በይ» ይለኛል። ትምህርቱን ስጨርስ የስልክ ተቀባይነት ሥራዬ እንደሚመለስልኝ አለቃዬ ቃል ገብቶልኛል።

ሰሞኑን «ሰ» ስነካ «ፈ» ያለ እየመሰለኝ ደጋግሜ አጠፋለሁ። ማዳመጫውን አስቀየርኩ፤ ያው ነው። ትናንት አጠገቤ የምትማረው ልጅ «እትዬ፣ ድምፁን ትንሽ ቢቀንሱት፤ የእርስዎ ኮምፒውተር እኔ ጆሮ ውስጥ ገብቶ እያወራ ነው» አለችኝ። እኔ እኮ ጨምሪልኝ ልላት ነበር። ሳቅ ብዬ ቀነስኩት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ እስኪበተን ጣቶቼን ኪቦርዱ ላይ አሳርፌ ተቀመጥኩ።

ስንወጣ መምህሩን ኮምፒውተር በጣት የሚዳሰስ ጽሑፍ ያወጣ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«የሚያወጣ አለ። ግን ጆሮ እያለሽ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ።

«ለማወቅ ያህል ነው» አልኩት።

እታለም፣ የልጆቹን ድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ፤ የትንሿን ሳቅ በተለይ። ዛሬ ነገ አትበዪ።

ሁላችሁንም በጤና ያቆይልኝ።

እህትሽ