የተቀነሰልኝ ሁለት ዓመት

ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.
ጎንደር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

አያ፣ እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡ፣ ከብቱ ደኅና ነው? ከሁሉ በፊት ያ የቀኝ እጅህ ቃጠሎ ሻረልህ ወይ? ሞፈር መጨበጥ ቻልህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ወህኒ ቤት ቁጭ ብዬ አለሁ። የምትጽፍልኝ አብራኝ የታሰረችው ባንቺአየሁ ናት፤ ስለዚህ የማይጻፈውን ትቼዋለሁ።

ይግባኜ ማክሰኞ ታየ። የመሐሉ ዳኛ፣ የወልደ ገብርኤልን የገብስ ክምር እኔ ነኝ ያቃጠልሁት ብለሽ በታችኛው ፍርድ ቤት አምነሻል፤ ያመነ ሰው መልሶ መካድ አይችልም፤ እኛ የምናየው ስድስት ዓመቱ በዝቶብሽ እንደሆነ ብቻ ነው አሉኝ። እህ! አንተ እንዲህ ነበር ያልኸኝ? ሴት ካመነች ይራሩላታል፣ ለመስቀል ቤትሽ ትገቢያለሽ አላልኸኝም? በሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ አጥፍቻለሁ ያለ ሰው ተነሥ ይባላል፣ ይታረቃል። እኔ ሞኟ ችሎቱም እንደዚያ መስሎኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

የቅጣት ማቅለያ አለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ዞር ብዬ ሰዉን ባይ፣ እመጣለሁ ብለህ የማልህልኝ አንተ የለህም። ምነው አያ? ያን ጊዜ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። ውሳኔው ሲነበብ፣ በጥፋቷ ከልብ መጸጸቷን ችሎቱ በዓይኑ አይቷል ተብሎ ሁለት ዓመት ተቀነሰልኝ። እንግዲህ ሁለቱን ዓመት ያተረፍሁት አንተ በመቅረትህ ነው። ሸጋ ውለታ ዋልህልኝ!

ጎረቤታችን አያ ማሩ ስንቅ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። በደጀ ሰላም እኅቴ አዋረደችኝ እያልህ ታወራለህ አሉ። እሱንም ዋጥሁት። ነገር ግን ከወልደ ገብርኤል ለመታረቅ ልጄን ማሬን ለልጁ ልትድራት ነው ያሉኝን አልውጠውም። ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አደራ ብዬ የሰጠሁህ ልጅ ናት። የኔ አራት ዓመት አልበቃህም?

ልጄን ወደ አክስቷ ወደ ሐረገወይን ስደዳት። ለሰኔ ሚካኤል ደርሳለች የሚል ወሬ ካልመጣልኝ፣ ባንቺአየሁ ሌላ ደብዳቤ ትጽፍልኛለች። እሱ የሚደርሰው ግን ለወልደ ገብርኤል ነው።

እመቤቴ ማርያም ከብትህን ትጠብቅልህ፤ እጅህንም ትማርልህ። ጠባሳውን ግን ከሰው ፊት ሸፍነው።

አጥፍቻለሁ ያለችው እኅትህ