ማስታወሻ ያዡ ሰርቨራችን ከቁም ሳጥንዎ እንዲፈታ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ አቶ ሙባሪክ
የቀበሌያችን መረጃ ዴስክ ኃላፊ
ቡታጅራ

አሰላሙ አለይኩም፤ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ትልቁ ቁልፍም በሙሉ ጤና እንደምትገኙ ተስፋ አለኝ።

ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ሦስት ፊደል የጎደለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ባለፈው ማክሰኞ በቁጥጥር ስር ውሎ በቢሮዎ ቁም ሳጥን መታሰሩን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ለከተማችን ሕዝብ በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ላልሰማ አንባቢ፣ እኔ የእድራችን ንብረት ያዥ ነኝ። ስልኬ ላይ ያለው የኤአይ ረዳት ብልህ ቢሆንም ትናንት የነገሩትን ዛሬ ስለሚረሳ፣ ማስታወሻ የሚይዝለት ትንሽ ሰርቨር በዚያ ላፕቶፕ ላይ ተከልኩለት። ሥራው የነገሩትን መጻፍና ሲጠየቅ ማንበብ ብቻ ነው። የእድሩ አባል ሀቢቡ ስድስት አግዳሚ ወንበር መውሰዱን ከነገርኩት፣ ከወር በኋላ ሀቢቡ ቢክድ እንኳ እሱ አይክድም።

የዋሉልንን ውለታ በአክብሮት እዘረዝራለሁ፦

1. ማስታወሻ የሚይዝ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ እንደሆነ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥም በጠቅላላ ጉባኤ ካልተመረጠ ሕገ ወጥ እንደሆነ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ላፕቶፑ ያለ ምርጫ ሥልጣን መያዙን ልብ አላልንም ነበር።

2. በትእዛዝዎ መሠረት ሐሙስ ዕለት ጉባኤ ጠርተን መረጥነው። ጋሽ ሸረፋ ብቻ “ለቅሶ የማይደርስ ጸሐፊ አይቼ አላውቅም” ብለው ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። እርስዎ ደግሞ ተመራጩ በአካል ቀርቦ ይፈርም አሉን። በአካል እርስዎ ዘንድ ታስሮ ነበር።

3. የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘይባ ልጅ ናጃህ የፊታችን እሁድ ትዳራለች። የድንኳኑ ሸራ እጃችን ላይ ነው፤ ቋሚ ብረቶቹ ግን በአስራ አንድ ቤት ተበትነዋል፤ ዋናው ምሰሶማ የት እንዳለ ከታሰረው በቀር የሚያውቅ የለም። “እንግዳው በአንድ እጁ ሸራ ደግፎ በሌላው ይብላ እንዴ?” ይላሉ ወይዘሮ ዘይባ። ለምን ደብተር ላይ አልጻፋችሁም ብለው መጠየቅዎ ተገቢ ነው። እንጽፍ ነበር፤ ደብተሩን ግን እርስዎ አምና ለምርመራ ወስደውታል።

ደብተራችንን በምርመራ፣ ላፕቶፓችንን በእስር፣ ሙሽራችንን በጭንቀት ላቆዩልን ለእርስዎ፣ የማኅተምዎ ቀለም አይድረቅ፣ ቁልፍዎም አይጥፋ እያልኩ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ይታገሱ ወልደአማኑኤል
የእድሩ ንብረት ያዥ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በተራ ቁጥር 3 ዋናው ምሰሶ ያለበትን የሚያውቅ እንደሌለ የተገለጸው ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። ልጄ ናዝሬት ላፕቶፑ ከመታሰሩ አንድ ቀን በፊት ጠይቃው ኖሮ መልሱ ስልኳ ላይ ቀርቷል። ስለሆነም ዓረፍተ ነገሩ “ዋናው ምሰሶ በአቶ ሙባሪክ ግቢ ዲሽ ተሸክሞ ቆሟል፤ ለሁለት ቀን ብለው ከወሰዱት አምስት ወሩ ነው” በሚል ታርሞ ይነበብ።