የአሥራ አንዱ ጠርሙስ ነገር

«ወንድም ጋሼ፣ እየሩስ ከሞተች ወዲህ ጠርሙስ ታቅፈህ ትውላለህ አሉኝ። እኔ ልጄን ይዤ እንዲህ ያለ ቤት አላርፍም። ለጥምቀት ስንመጣ ደጀን ከተማ፣ አበባው ቤት እናርፍና አንተን ለአንድ ቀን መጥተን እናይሃለን።»

እህቴ የብርጓል፣ ከላይ ያለው ኅዳር 20 ቀን በቴሌግራም የላክሽልኝ ቃል ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አንድ ፊደል አልቀነስኩም። ከላይ ያሰፈርኩት እንዳትክጂው ብዬ አይደለም፤ ስጽፍልሽ ዓይኔ ሥር እንዲሆን ብዬ ነው።

ቁጣዬ ከሰላምታዬ እንዲረዝም ግን አልፈቅድም፤ እናታችን እንደዚያ አላሳደገችንም። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? የምታስታምሚያቸውን ሽማግሌ ስታነሺና ስታስተኚ ያመመሽ ወገብ ተሻለሽ ወይስ ዝም ብለሽ ችለሽው ነው? የጣሊያኗ ቶሪኖ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ፍቅረ ሥላሴስ እንዴት ነው? ጥርሱ ወለቀ ብለሽኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለለት? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ጉልበቴ ዳገት ላይ ከማስቸገሩ በቀር ደኅና ነኝ። ማለዳ እነሳለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ፣ የከተማውን ውሃ እመረምራለሁ፣ ወደ ቤት እመለሳለሁ። በር የሚከፍትልኝ ስለሌለ ቁልፉ ከኪሴ አይለይም። ኑሮዬ ይኸው ነው።

ያልደወልኩልሽ ስቆጣ ስልኩን ስለምትዘጊብኝ ነው። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። በእጄ ጽፌ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ ዋናው እኔ ዘንድ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ወደዚህ ቤት ያስገባሽው አንቺ ነሽ። ከአራት ዓመት በፊት ጓደኛሽ ሂዊ ወደ አገር ቤት ስትመጣ በፎጣ ጠቅልለሽ የላክሽውን ቀይ ወይን ረሳሽው? «ርካሽ ነው፤ ግን ሽማግሌው በየቀኑ ከምሳ ጋር የሚጠጡት ይህንኑ ነው» ብለሽ ነበር። ባለቤቴ እየሩስ «የብርጓል ስትመጣ አብረን እንከፍተዋለን» ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር አስቀመጠችው። አንቺ አልመጣሽም፤ እሷም አልቆየችም። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሙት ዓመቷን ዘክረን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ልብሷን ለነዳያን ልሰጥ ሳወጣ ጠርሙሱን አገኘሁት። ቡሽ መንቀያ ስላልነበረኝ በምስማርና በጉጠት ታግዬ ከፈትኩት። ቀመስኩት። ኮመጠጠኝ፣ ምላሴን አደረቀው፣ ተናደድኩ።

የተናደድኩት በወይኑ አልነበረም። አንድ ጊዜ በስልክ፣ «ሽማግሌው ግማሽ ብርጭቆ ይቀዱልኝና ምን ምን ይሸትሻል ይሉኛል፤ አንተ ብትሆን ይኮመጥጣል ብለህ ታስቀምጠው ነበር» ብለሽ ስቀሽብኛል። ልክ እንዳልሽው አደረግኩ። ሠላሳ ዓመት ውሃ አሽትቼና ቀምሼ፣ ክሎሪኑ በዛ፣ ብረት አለበት፣ ቧንቧው ዝጓል ብዬ ስፈርድ የኖርኩ ሰው በአንድ ብርጭቆ ፊት መሃይም ሆንኩ። አንቺ በየቀኑ ማዕድ ላይ የምታገኚውን ነገር እኔ አላውቀውም። ብትነግሪኝም አይገባኝም ማለት ነው። ይህን መቀበል አልቻልኩም።

ስለዚህ መማር ጀመርኩ። እዚህ ከተማ የሚገኘው ወይን ብዙ አይደለም፤ አገር ውስጥ የሚሠራው ቀይ፣ ነጭና ጣፋጭ፣ አልፎ አልፎም ከሠርግ የተረፈ የውጭ። ሁሉም ርካሽ ነው። ስለ ወይን አቀማመስ የተጻፈ ነገር ስልኬ ላይ አነበብኩ። ቼሪ ይሸታል፣ ቫኒላ ይሸታል ይላል። በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀውን ፍሬ እንዴት አድርጌ አሸታለሁ? ያንን ትቼ የራሴን ደብተር ከፈትኩ። ምላስ የሚያደርቀው ያልበሰለ እንኮይ ነው። ጉንጭን ጭምድድ የሚያደርገው የአጥራችን ኮሽም ነው። ከተዋጠ በኋላ የሚመጣው ምሬት ጌሾ ነው፤ የቅጠሉ ሳይሆን የእንጨቱ። አንደኛው ቀይ፣ ልጆች ሆነን ከጫካ ዳር እንለቅማት የነበረችውን እንጆሪ ይሸታል፤ ሌላው ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ጎተራ። እንኮይ ፍለጋ እስከ ይጁቤ ገበያ ሄጃለሁ። ሻጯ «ለልጅ ነው?» ብትለኝ «ለትምህርት ነው» አልኳት። አዝናልኝ ነው መሰለኝ፣ አንድ እፍኝ መረቀችልኝ።

እየሩስ ጠጅ ስትጥል በጣቷ ነካ አድርጋ ትቀምስና «ሁለት ቀን ይቀረዋል» ትል ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ስሰማት በምን እንደምታውቀው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። አሁን ብርጭቆ ላይ አፍንጫዬን ደፍቼ የምጠይቀው እሷን ነው። በብርሌዋም ሞከርኩት፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሽታው ወደ አፍንጫ አይደርስም። ሆደ ሰፊ ብርጭቆ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ባለ ሱቁ «ስድስት ስድስት ነው የሚሸጠው» አለኝ። ስድስት ሰው ከየት አመጣለሁ? ተጨቃጭቄ ሁለት ብቻ አስነጥዬ ገዛሁ።

አንድ ጠርሙስ ከሳምንት በላይ ይቆየኛል። ከራት ጋር ግማሽ ብርጭቆ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አልነካም፤ በጾም ጭራሽ አልከፍትም። ጾመ ነቢያት ከገባ ወዲህ ጠብታ አልቀመስኩም። ጠርሙሱ በተከፈተበት ቀን ምን እንደሚሸት፣ በሦስተኛው ቀን ምን እንደሆነ እጽፍና ሲያልቅ ወረቀቱን አንገቱ ላይ አስሬ መስኮቱ ላይ እደረድረዋለሁ። አሥራ አንድ ደርሰዋል። አሥራ አንድ ጠርሙስ፣ በአሥራ ሦስት ወር! የአጎታችን ልጅ አበባው ጠርሙሱን ቆጠረ እንጂ ወሩን አልቆጠረም። ወረቀቶቹንም አላነበበም።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። «እንጆሪ ይሸታል» ስል «የለም፣ አይሸትም» የሚለኝ ሰው የለም። ልክ ብሆንም አላውቀው፣ ብሳሳትም አላውቀው። እኛ ላቦራቶሪ አንዱን ናሙና ሁለት ሰው ይመረምረዋል፤ የአንድ ሰው ውጤት ውጤት አይባልም። ጎረቤቴን መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን ለምኜ አንድ ቀን አስቀመስኳቸው። አሽትተው ዓይናቸውን ጨፈኑና «የቅዳሴው ዘቢብ ነው፤ ቤተ ልሔም የገባሁ መሰለኝ» አሉ። ደስ ብሎኝ ወዲያው ጻፍኩት። ሌላውን ስቀዳላቸው ግን «በቃኝ ልጄ፤ አንተም ከጠርሙስ ጋር ከምትከራከር ሚስት አግባ» ብለው እየሳቁ ተነሱ።

ጥፋት የለብኝም አልልም። አንድ ጥፋት አለብኝ፤ አበባው አጣሞ የነገረሽን እኔው አቅንቼ ልንገርሽ። ኅዳር 12 የሚካኤል ማኅበራችን ተራው የወይዘሮ ያለምወርቅ ነበር፤ ከቤታችን ጀርባ ያሉት ባልቴት። አበባው ከደጀን መጥቶ እኔ ዘንድ አድሮ ስለነበር ይዤው ሄድኩ። ያለምወርቅ እንደ ወጉ ጠላውን መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው፣ ፊቴ ቀምሰው ቀዱልኝ። ባለቤት ቀምሶ የሰጠውን መጠጥ ማንም እንደማይመረምር አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ግን እጄ ለምዶ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት፣ አዞርኩት፣ አፍንጫዬን ከተትኩ። እዚህ ላይ ባቆም ደግ ነበር። «ጌሾው ደኅና ነው፤ ጋኑ ግን የታጠነው በወይራ አይደለም፣ በባሕር ዛፍ ነው» አልኩ።

ልክ ነበርኩ። ጥፋቴም ልክ መሆኔ ነው። ወይራ አጥተው ባገኙት እንጨት ማጠናቸውን የሚያውቁት እሳቸውና እግዚአብሔር ብቻ ነበሩ። «እንዳላማው፣ መርዝ ጠረጠርክ ወይስ ድህነቴን አሸተትክ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አበባው ብቻ ሳቀና «ተዉት እማማ፣ ጋሼ የለመደው የፈረንጅ ጠርሙስ ነው» አለ። ቶሪኖ የደረሰው ይህ ሳቅ ነው።

በማግስቱ መሪጌታን ሽማግሌ አድርጌ፣ አንድ እስር ወይራ ተሸክሜ ደጃቸው ቆምኩ። የቢሮ ሰዎች መንገድ ላይ አዩኝ፤ ይዩኝ። ያለምወርቅ ወይራውን ተቀብለው እሳቸውም በተራቸው አሸተቱትና «ለአንተስ እግዚአብሔር አፍንጫ ሲሰጥህ የአፍህን መዝጊያ ረስቶብሃል» አሉኝ። ከዚያው ጠላ ቀዱና «በል አሁን ተናገር» አሉ። «ጥሩ ነው» አልኩ። «ውሸታም!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ታርቀናል።

የተበደሉት ሴት በአንድ ቀን ይቅር ሲሉኝ፣ ምንም ያልበደልኩሽ አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ ፈረድሽብኝ። አልጠየቅሽኝም። «እውነት ነው ወይ?» የምትል አጭር ጥያቄ እንኳ ነፈግሽኝ። ለአንድ ቀን መጥተሽ የምታዪኝ እኔ በሽተኛ ነኝ ወይስ እስረኛ? የእናታችንን አልጋ አሳድሼልሻለሁ። እየሩስ ትሰፋበት በነበረው ክፍል ለፍቅረ ሥላሴ ፍራሽ ዘርግቻለሁ፤ ነፋስ እንዳይገባበት የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወትፌያለሁ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት መልእክትሽ ከመድረሱ በፊት ነው። ከደረሰ በኋላም አላፈረስኩትም።

በአፌ መናገሩ ስለማይሆንልኝ እውነቱን ልጻፈው። ይህን ሁሉ የተማርኩት ለአንቺ ነው። ለጥምቀት ስትመጪ አንድ ምሳ ላይ ሁለቱን ብርጭቆ ቀድቼ፣ እንደ ሽማግሌው «የብርጓል፣ ምን ምን ይሸትሻል?» ብዬ ልጠይቅሽ ነበር። አንቺ የዚያን አገር ፍሬ ስትጠሪ እኔ «የለም፣ ኮሽም ነው» ልልሽ፣ አንቺም «አንተ ምን ታውቃለህ» ልትይኝ ነበር። በዚህ ቤት ሰው ከተጨቃጨቀ ሁለት ዓመት አለፈው። አሥራ ሁለተኛው ጠርሙስ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ እየሩስ ያንቺን ባስቀመጠችበት ቦታ ተኝቷል። እዚሁ አገር የተሠራ ተራ ቀይ ወይን ነው። አልተከፈተም።

ፍቅረ ሥላሴን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፤ አጎትህ የአጥሩን ኮሽም አላስነካም፣ ላንተ አስቀምጦልሃል በይው። ለሂዊ ያመጣችው ጠርሙስ በመጨረሻ መከፈቱን ንገሪያት፤ ሰላም በያት። ለሽማግሌው ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፤ እንኮይ የሚባል ፍሬ እንዳለም አጫውቻቸው። መሪጌታ በጸሎት አስቤያታለሁ ብለዋል። ያለምወርቅ፣ ስትመጣ ጋኑ በወይራ ይታጠናል በላት ብለዋል። የአበባውን ሰላምታ አላደርስም፤ እሱ ስልክ አለው።

ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ከልጅሽ ጋር እኔ ቤት ታርፊያለሽ ወይስ አታርፊም? መልስሽን በእጅሽ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ፣ ፎቶ አንስተሽ እስከ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የገብርኤል ዕለት ላኪልኝ። በድምፅ የተቀዳ መልስ አልቀበልም፤ ድምፅሽን ከሰማሁ ያልሽውን ሁሉ እሺ እላለሁ። የማታርፊ ከሆነም ጻፊው። ያን ጊዜ ጠርሙሱን ለመሪጌታ እሰጣቸዋለሁ። ብቻዬን አልከፍተውም።

ወንድምሽ እንዳላማው
ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.