ጋዝ ጨምሪበት

ግንቦት 3፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ መልከጼዴቅ ከኦሮራ መጡ። እንደ ሁልጊዜው ከጓደኛቸው፣ ከአጎቴ ከጋሼ ዳኛቸው ጋር ጓሮ ገብተው ክርክር... የቱ ይበልጣል?

ጋሼ ሁለት አሮጌ የሣር ማጨጃ ትራክተሮች አሉት። ቀዩ ዊል ሆርስ፣ አረንጓዴው ጆን ዲር። ትንንሾች ናቸው፤ ግን መሪው፣ ማርሹ፣ ፍሪሲዮኑ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም አላቸው። የጋሽ መልከጼዴቅ ቢጫው ካብ ካዴት ነው። አፓርታማ ስለሚኖሩ ማቆሚያ የላቸውም፤ እሱም የሚያድረው እኛ ጋራዥ ነው፣ ሞንትቤሎ ሰፈር።

«ቢጫው ቺንጋ የለውም። ኃይሉ በላስቲክ ቀበቶ ሳይሆን በዘንግ ነው የሚሄደው። የሌለ ቺንጋ አይበጠስም» አሉ።

«የቀዩን ማርሽ ከፍቶ ያየ ሰው እንዲህ አያወራም» አለ ጋሼ።

«አረንጓዴውስ?»

«እሱ የጽጌ ነው። ወንበሩ ይመቻታል።»

ጽጌ ሚስቱ ናት። ትራክተር ላይ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም።

ጨርቅ ይዤ ዳር ቆሜ ነበር። እኔም የምመርጠው አለኝ። ቀዩን። ሲነሳ ወዲያው አይጮህም። መናገር የሚያፍር ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ትንሽ ይንኮሻኮሽና ከዚያ ይቀጥላል። ግን ማን ጠየቀኝ?

ከዚያ ጋሽ መልከጼዴቅ ወደ እኔ ዞሩ። «ከልጆቹስ የቷ ትሻላለች? ሊዲ አውቶማቲክ ናት። ይቺ በገመድ ተጎትታ የምትነሳዋ ናት። ደጋግመህ ካልጎተትካት ድምፅ የላትም!»

ጋሼ በጣም ሳቀ። የእናቴ ወንድም... ልጁ ሊዲም መስኮት ላይ ሆና ሳቀች። አብሬ ልስቅ ሞከርኩ። ሳቅ አልወጣኝም። ጨርቁን አጠፍኩ፤ መልሼ ዘረጋሁት።

ግንቦት 10፣ እሑድ

በር ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ጋሼ ቀዩ ላይ ተቀምጦ «ትህትና! ጋዝ ጨምሪበት» አለኝ። ሮጬ ጋራዥ ገባሁ። ሁለት ጀሪካን አለ፤ ቀይና ሰማያዊ። ላያቸው ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ፊደል በፊደል እስካነብ ጊዜ ይወስድብኛል። እነሱ ደግሞ እየጠበቁ ነው። ስለዚህ ከፍቼ አሸተትኩ። ቀዩ ቤንዚን ነው። ሰማያዊው ጋዝ። እንዴት ይጠፋኛል? ፍኖተ ሰላም እያለን መብራት ሲሄድ ኩራዝ ላይ የምንጨምረው እኮ እሱን ነው። እንዲያውም ደስ አለኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ለየሁት ብዬ።

ጋሼ ትንሽ ነዳው። ነጭ ጭስ ወጣ። ሞተሩ አንኳኳ፣ አስነጠሰ፣ ቆመ።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ጋዝ።»

«የቱን?»

ሰማያዊውን አሳየሁት። የሞተር ዕቃ የሚያጥብበት ኖሯል።

ጋሽ መልከጼዴቅ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ነው የሳቁት። እንባቸው እስኪወርድ። «ላምባ! ላምባ አጠጣችው! ዳኛቸው፣ ኩራዝ መስሏት ነው እኮ!»

«እዚህ አገር ጋዝ ማለት ቤንዚን ነው» አለኝ ጋሼ። «አሜሪካ ከመጣሽ ዓመት አለፈሽ። ጆሮሽ ምን ይሠራል?»

ማታ ራት ላይ ጋሼ «ላምባ፣ ጨው አቀብዪን» አለ።

አቀበልኩት።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ሊዲ ቪዲዮ አንስታ ነበር ለካ። ትምህርት ቤት ምሳ ላይ ለጓደኞቿ አሳየች። አሁን ስሜን የማያውቁ ልጆች ኮሪደር ላይ «ላምባ» ይሉኛል። ቃሉን እንኳ በትክክል አይሉትም... እሱ ደግሞ የባሰ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ዘጠነኛ ክፍል መቀመጤ አልበቃ ብሎ።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ቀዩ ከዚያን ቀን ወዲህ አልነሳም አለ። ጋሼ ተናዶ ጥግ ገፍቶ ተወው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከኦሮራ በስተምሥራቅ፣ ሜዳው መሀል ባለች ትንሽ ከተማ፣ የአሮጌ ትራክተሮች ሰልፍ አለ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ያያል። ጋሼ አረንጓዴውን፣ ጋሽ መልከጼዴቅ ቢጫውን ይነዳሉ።

«ቀዩስ?» አሉት።

ጋሼ በጣቱ እኔን አሳየ። «ላምባ ካስነሳችው ላምባ ትነዳዋለች!»

ሳቁ። እኔ ግን ሰማሁ። አለ እኮ። ምስክርም አለ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ትምህርት ተዘግቷል። ጋሼ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ይውላል። ጋራዡ የኔ ነው።

ታንኩን አራገፍኩ። ካንዴላውን ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት፤ እሳት የሚሰጠው እሱ ነው። ካርቡሬተሩን ከስልክ ላይ እያየሁ ፈታሁ። የሰውየው እንግሊዝኛ አይገባኝም፤ እጁን ነው የማየው። መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ አለች፣ በደረቀ ቆሻሻ ተደፍናለች። በምን አጠብኳት? በላምባ። ያው ባዋረደኝ።

ሊዲ በር ላይ ቆማ «ይሸታል» አለች። ጋራዡን ነው እኔን? አልጠየቅኳትም።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ተነሳ!!

ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ። ብቻዬን ነበርኩ። ኮፈኑ ላይ እጄን አድርጌ ሙቀቱ እስኪሰማኝ ቆየሁ። «አመሰግናለሁ» አልኩት። ጮክ ብዬ። ሰው ቢሰማኝ...

ሰኔ 29፣ እሑድ

ጋሼ ቀዩን ጓሮ ውስጥ አዞረው። ወረደና አየኝ። «ማን ነካው?»

«እኔ።»

«እሺ። ቃሌ ቃል ነው» አለ።

ጋሽ መልከጼዴቅ «ላምባ ሾፌር ሆነች በሉኛ!» አሉ። ስሙ አልለቀቀኝም። ይሁን። ሰልፉ ላይ ስሜን በድምፅ ማጉያ ይጠራሉ አሉ። እዚያ «ትህትና» ነው የሚሉት። ለሁሉም ሰው።

የጋሽ መልከጼዴቅም ደስታ ነው ዛሬ። የልጃቸው የአልጣሽ ቪዛ ተመታላት። ጨቅላ ሆና ነው ትተዋት የመጡት። ሲነግሩን አለቀሱ። አሳዘኑኝ። ትንሽ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

አልጣሽን አመጧት። የኔ እኩያ ናት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ተቀመጠች። ሲያናግሯት ጉልበቷን ነው የምታየው።

ጋሽ መልከጼዴቅ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጄ» አሉኝ። እኔን! «ሰው የላትም። እህት ሁኛት።»

አልጣሽ ቆይታ በጆሮዬ ሽንት ቤት የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ይዛው ኖሯል፤ ሌላ ሰው መጠየቅ አፍራ። ወሰድኳት። ውኃው እንዴት እንደሚለቀቅ አሳየኋት። እኔም እንደዚህ ነበርኩ።

ስትወጣ «ላምባ ያሉሽ የቤት ስምሽ ነው?» አለችኝ። ተንኮል የላትም፤ እነሱም ጋር ጋዝ እንጂ ላምባ አይባልም። ፊቷን አየሁት።

«አዎ» አልኳት።

«ያምራል» አለች።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ጋሽ መልከጼዴቅ «ዳኛቸው፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አሉት። «ልጄ ቀዩን ትንዳልኝ። የኔ ፍሪሲዮን ይጠጥርባታል። እናቷ አገር ቤት ሆና በቪዲዮ ታያታለች። አሜሪካ ገብታ መሪ ስትይዝ።»

ጋሼ እኔን አላየኝም። «ምን ችግር አለው። ትንዳ።»

ልናገር ነበር። እውነት ልናገር ነበር። አፌን ከፈትኩ... ጋሼ ቀድሞኝ «አንቺ መቼም የቤት ሰው ነሽ፤ ሌላ ጊዜ አለ» አለኝ። «ላምባ ታለማምድሽ» አላት ለአልጣሽ።

«እሺ» አልኩ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

እሺ። እሺ። እሺ። ሌላ ቃል የለኝም?

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

አለማመድኳት። ቶሎ ይገባታል። ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ማርሽ... ከእኔ ፈጥኖ ነው የገባት። ቀዩም ታዘዘላት። እኔ ብቻ የማስነሳው መስሎኝ ነበር። ለማንም ይነሳል ለካ።

ስትስቅ ጥርሷ ያምራል። እስከዛሬ ስትስቅ አላየኋትም። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገር አሳየኋት። ስለ ሁለቱ ጀሪካን አልነገርኳትም። ረስቼ ነው?

አልረሳሁም።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት ሜዳው ላይ ትራክተሮቹን ከትሬይለር አወረድን። ብዙ ሰው ነበር፤ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት፣ የተጠበሰ በቆሎ የሚሸጡ። አልጣሽ አባቷ የገዙላትን ባርኔጣ አድርጋለች። ትልቅ ነው፤ ጆሮዋ ላይ ይወርዳል።

ጋሼ ከሩቅ «ላምባ! ቀዩ ጋዝ አለው?» አለ።

«ትንሽ ነው ያለው።»

«ጨምሩበት! ሰልፉ ሊጀመር ነው።»

ሁለቱም ጀሪካን ፒክአፑ ላይ ነበሩ። ዞር ብዬ «አልጣሽ፣ ጋዝ ጨምሪበት» አልኳት። ልክ ጋሼ እንዳለኝ።

ሁለቱንም ከፍታ አሸተተች። ቀዩ ላይ ፊቷን አጨማደደች። ሰማያዊው ላይ ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ማንንም ሳትጠይቅ የለየችው መስሏት ነው።

መናገር እችል ነበር። ክዳኑን እስክታነሳ፣ እስክትጨምር፣ እስክትዘጋ ድረስ... ጊዜ ነበረኝ። የጫማዬን ክር ሳስር ቆየሁ።

«ጨረስኩ» አለችኝ።

«ጎበዝ» አልኳት።

ስሟን በድምፅ ማጉያ ጠሩት። አጣመው ጠሩት፤ ግን ጠሩት። ሰው አጨበጨበ። ጋሽ መልከጼዴቅ ቢጫቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው አጥሩ ላይ ተደግፈው በስልክ እናቷን እያሳዩ ነበር። «አየሻት? አየሻት? ባርኔጣ ያደረገችዋ!»

ታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ትንሽ አስኬዳት። ልክ ሕዝቡ ፊት ስትደርስ ጭሱ ጀመረ። አንኳኳ። እሷ መሪውን አልለቀቀችም፤ እንዳሳየኋት ነዳጁን ደጋግማ ሰጠችው። ሌላ ምን ታድርግ? የሆነ ነገር «ቋ» አለና ቆመ። ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ቆሙ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። ጭሱ መሀል ባርኔጣዋ ብቻ ይታያል። ሁለት ሰዎች እሷን ከነትራክተሩ ገፍተው ከመስመር አወጧት።

የጋሽ መልከጼዴቅ ስልክ እጃቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከውስጡ «ምን ሆነች? ኧረ ልጄ ምን ሆነች?» ይላል። አልዘጉትም። አላነሱትም።

ጋሼ ከአረንጓዴው ወርዶ የቀዩን ታንክ ከፍቶ አሸተተ። ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። «ደግሞ?»

«እኔ አይደለሁም።»

አልጣሽን ጠየቃት። «ማነው ይሄን ጨምሪ ያለሽ?»

አልጣሽ አየችኝ። እንዲህ ረጅም ጊዜ ሰው አይቶኝ አያውቅም። ገባት። ሁሉም ገባት።

«ማንም» አለች። «ራሴ ነኝ።»

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ቀዩ ሞተሩ ውስጡ ተበላሽቷል። ጋሼ «አይሆንም፣ በቃ» አለና ሸራ አለበሰው። ሄጄ ሸራውን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

እሱንም እንደማጣው አላሰብኩም ነበር? አስቤ ነበር መሰለኝ።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እነ ጋሽ መልከጼዴቅ መጡ። አልጣሽ ጓሮ ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ታቅፋ። ጋሼ ክርክሩን ጀመረ። ጋሽ መልከጼዴቅ ግን ልባቸው እዚያ አልነበረም። ስለዚህ ጋሼ ወደ እኔ ዞረ።

«እስቲ ትህትና፣ አንቺ ፍረጂ። ከሁለቱ የቱን ትመርጫለሽ?»

ትህትና። እኔን ጠየቀኝ።

«ቢጫውን» አልኩ። «ቺንጋ የለውም።»

«አይ፣ ከዳሽኝ!» አለ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ውኃ ላመጣ ስሄድ አልጣሽ ተከተለችኝ። በር ላይ፣ ቀስ ብላ፣ «ታውቂ ነበር አይደል?» አለች።

«እዚህ አገር ጋዝ ማለት ቤንዚን ነው» አልኳት። ትከሻዋን አልፌ ወጣሁ።

ተመልሼ ጋሼ አጠገብ ቆምኩ። ሊዲ ከመስኮት ብቅ አለችና «ላምባ!» ብላ ተጣራች።

ዞርኩ። ከልማድ።

እኔን አልነበረም፤ አልጣሽን ነው። አልጣሽ ከበሩ ላይ ቀና አለች። አባቷ ሣሩን ያያሉ። መጀመሪያ ጋሼ ሳቀ።

እኔም ሳቅ ወጣኝ።